ጉሙ ከበራችን ደርሷል፤ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ኪሌሌሽዋ ውስጥ ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ዘመዱን ሳይሆን የበር ጥበቃውን ነው። ጥበቃው መዝገብ ያቀርብለታል። እንግዳው ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ ስልኩን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የሚሄድበትን ቤት ቁጥርና የገባበትን ሰዓት ይጽፋል። ከእሱ በላይ ባለው መስመር የሌላ ሰው ስምና ስልክ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ከበሩ ራስጌ ካሜራ ተሰቅሏል። በጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ካሜራው የሚያየውን ሁሉ የምታስቀምጥ፣ ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ ጥቁር ሣጥን አለች። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ሣጥን ነው።

ከስሙ ልጀምር። ተማሪዎቻችን «ክላውድ» የሚለውን ቃል በደንብ ያውቁታል። በስልካችን ያነሣነው ፎቶ «ክላውድ ላይ ነው» ስንል፣ ብዙ ጊዜ በሌላ አገር ባለ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ በተደረደሩ ኮምፒውተሮች ላይ ተቀምጧል ማለታችን ነው። ክላውድ ደመና ነው፤ ከላይና ከሩቅ ያለ ነገር ነው። ጣርማ በርን በማለዳ ያቋረጠ ወይም ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ሊሙሩ ያደረ ሰው ግን ደመና ወደ መሬት ሲወርድ ጉም እንደሚባል ያውቃል። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 «ፎግ ኮምፒውቲንግ» የሚለውን ስም ሲያስተዋውቁ የያዙት ይህንኑ ምሳሌ ነው። በእኛ ቋንቋ የጉም ስሌት ልንለው እንችላለን። አሠራሩ መረጃን ሁሉ ወደ ሩቁ ደመና ከመላክ ይልቅ፣ መረጃው በተገኘበት አካባቢ ባለ አነስተኛ ኮምፒውተር ማጣራትና መወሰን፣ ከዚያም የሚያስፈልገውን ብቻ ወደ ላይ መላክ ነው።

የድሮዋ የበር ሣጥን ሥራዋ መቅዳት ብቻ ነበር። አዲሶቹ ታርጋ ያነብባሉ፣ ሰውን ከውሻ ይለያሉ፣ አጥር የተጠጋ ሰው ሲያዩ ለባለቤቱ ስልክ መልእክት ይልካሉ። የመኪናውን ብዛት ቆጥሮ የትራፊክ መብራት የሚቀያይር መቆጣጠሪያ፣ የተማሪ አውቶቡስ የት እንደደረሰ የሚነግር መሣሪያ፣ የውኃ ወይም የመብራት ቆጣሪ፣ ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። «ብልህ ከተማ» የሚባለው የእነዚህ ትናንሽ ሣጥኖች ድምር ነው። ከናይሮቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገነባው ኮንዛ ገና ከመነሻዋ እንዲህ ያለች ከተማ እንድትሆን ታስባለች። ኪሌሌሽዋ ግን በማንም እቅድ ሳይሆን፣ ሰፋፊ ግቢ የነበራቸው ቤቶች እየፈረሱ ባለብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ሲተከሉ፣ በየበሩ አንድ አንድ ሣጥን እየጨመረች ነው ወደዚያው ያመራችው።

ጉሙ ለምን አስፈለገ? ተማሪዎች ራሳቸው አስልተው ሊደርሱበት ይችላሉ። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢያወጣ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ከሳፋሪኮም ጋር በተዋዋለበት የጸጥታ ፕሮጀክት በናይሮቢና በሞምባሳ እንዲተከሉ የታቀዱት ካሜራዎች 1,800 ነበሩ። በዚሁ ስሌት የእነሱ ምስል በቀን ከ77 ቴራባይት ይበልጣል። ይህን ሁሉ ሳያጣሩ ባሕር አሻግሮ መላክ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። በዚያ ላይ መስመሩ ሊቋረጥ ይችላል። ሜይ 12 ቀን 2024 ሁለት የባሕር ሥር ኬብሎች ሲበጠሱ በኬንያም ሆነ በጎረቤት አገሮች ኢንተርኔቱ እንዴት እንደተንቀራፈፈ እናስታውሳለን። ውሳኔው ሩቅ አገር ካለ ሰርቨር የሚጠበቅ ቢሆን ኖሮ፣ መስመሩ በተበጠሰ ቁጥር በሩም አይከፈትም፣ የትራፊክ መብራቱም አይቀየርም ነበር። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ። ጉሙ የቅርብ ጎረቤት ነው። እኔም ይህን አሠራር የምቃወም ሰው አይደለሁም።

የምቃወመው የጎረቤቱን በር ሳይዘጉ መተኛትን ነው። ትላልቆቹ የደመና ማዕከላት በአጥር፣ በጥበቃና ቀን ከሌት በሚሠሩ ባለሙያዎች የተከበቡ ናቸው። ስሌቱ ከዚያ ወርዶ በራችን ላይ ሲቀመጥ፣ ጥበቃው ግን አብሮት አልወረደም። ሣጥኗ ያለችው ሌሊቱን ሙሉ ለመኪና በር ሲከፍትና ሲዘጋ በሚያድር አንድ ሰው ጠረጴዛ ሥር ነው። ማንም ሊነቅላት ይችላል። በውስጧ ያለውን ፕሮግራም ማን እንደሚያድስ የሚያውቅ የለም።

እኔ በምኖርበት ሕንፃ ያየሁትን ልናገር። አንድ ቀን ማታ እቃ ያመጣልኝን ሰው ለመቀበል ወርጄ በጥበቃ ክፍሉ በር ቆሜ ሳለሁ፣ ከማሳያው ጎን የተለጠፈች ብጫ ወረቀት ዓይኔ ገባች። የሣጥኗ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ነበረባት። ስሙ «አድሚን»፣ ቃሉ ከአንድ እስከ ስድስት ያሉ ቁጥሮች በተርታ። ጥበቃውን ብጠይቀው በአክብሮት፣ «ቴክኒሻኑ ሲተክለው እንዲህ አድርጎ ሰጠን፤ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም» አለኝ። ስንት ዓመት ሆነው አልኩት። «እኔ ስቀጠር ነበረ» አለ። በማሳያው ላይ የእኔ ልጅና የጎረቤቶቼ ልጆች በየጠዋቱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚጠብቁበት ቦታ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ጥፋቱን በዚያ ሰው ላይ አላደርግም፤ እሱ የተሰጠውን ነው የጠበቀው። ጥፋቱ ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያ እየከፈልን አንድም ቀን ስለ ሣጥኗ ያልጠየቅነው የእኛ የነዋሪዎቹ ነው።

«የአንድ ግቢ ካሜራ ማንን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የሚባል ክፉ ፕሮግራም ዓለምን ዞረ። አስቸጋሪ ምስጢር አልፈታም። 60 ያህል የፋብሪካ መግቢያ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን ይዞ በየካሜራው፣ በየመቅረጫ ሣጥኑና በየቤቱ የኢንተርኔት መሣሪያ እየሞከረ ነበር የሚገባው። ባለቤቶቹ የይለፍ ቃሉን ስላልቀየሩት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን ማረከ። ኦክቶበር 21 ቀን 2016 እነዚህ የተማረኩ መሣሪያዎች በአንድነት ዲን በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ላይ ሲዘምቱ፣ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ገጾች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት አልከፈት አሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን ለበጎ ብቻ የሚሠራ መስሎን ነበር፤ ለክፉም ይሠራል። ፕሮግራሙን የጻፉት ሦስት ወጣቶች በኋላ በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን ሲያምኑ 20 እና 21 ዓመታቸው ነበር፤ ጠባቸውም የተጀመረው ልጆቻችን ከሚጫወቱት ማይንክራፍት ጋር በተያያዘ ንግድ ነው።

የከተማ መሣሪያም ቢሆን እንዲሁ ነው። ኤፕሪል 7 ቀን 2017 ሌሊት በአሜሪካ ዳላስ ከተማ 156 የአደጋ ጊዜ ጡሩምባዎች ያለ ምንም አደጋ በአንድነት ጮኹ። አንድ ሰው በሬድዮ ሞገድ የውሸት ትእዛዝ ልኮ ነው። ጡሩምባዎቹ ትእዛዙ ከማን እንደመጣ ሳያረጋግጡ ታዘዙ። ከተማው ሁሉ ከእንቅልፉ ተነሣ፤ የአደጋ ስልኩም ተጨናነቀ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ጡሩምባው የእውነት ሲጮህ ስንቱ ሰው ያምነዋል?

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። በዚህ ከተማ ከምንኖረው መካከል በሥራ ፈቃድ ያለ አለ፣ በንግድ ያለ አለ፣ በስደተኛ መታወቂያ ያለም አለ። አገሩን በችግር የለቀቀ ሰው የት ቤት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚጠይቀውና በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ለማንም እንዲታወቅ አይፈልግም። የበሩ መዝገብ፣ የካሜራው ምስልና የታርጋ ንባቡ አንድ ላይ ሲገጣጠሙ ግን የአንድን ቤተሰብ ሙሉ ኑሮ ይናገራሉ። አንዲት እናት በአገራቸው ያልነገሩትን ምስጢር የኪሌሌሽዋ በር ሊናገርባቸው አይገባም።

ሁለት ክርክሮች ይቀርቡልኛል። የመጀመሪያው፣ «እንግዲያውስ ሁሉንም ወደ ትልቁ ደመና እንላከው፤ እነሱ ያውቁበታል» የሚል ነው። ትልቅነት ግን ብቻውን አያድንም። በማርች 2021 ቬርካዳ የተባለ የካሜራ ኩባንያ ደንበኞቹን ሁሉ በአንድ ደመና ያስተዳድር ነበርና፣ አንድ የበላይ አስተዳዳሪ መግቢያ በሌሎች እጅ ሲወድቅ የ150,000 ካሜራዎች ምስል ተከፈተ። ከእነሱ ውስጥ የሆስፒታልና የትምህርት ቤት ካሜራዎች ነበሩ። እዚሁ ኬንያም በጁላይ 2023 ከ5,000 በላይ የመንግሥት አገልግሎቶች የሚሰጡበት ኢሲቲዝን በጥቃት ሲጨናነቅ፣ ሁሉም ጉዳይ በአንድ በር ስለሚገባ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቆመ። መንግሥት መረጃ አልጠፋም ብሏል፤ ጉዳይ ለማስፈጸም ወረፋ ይዘን የነበርን ሰዎች ግን ቀኖቹን አንረሳቸውም። እንግዲህ ደመናው አንድ ትልቅ በር ነው፣ ጉሙ ሺህ ትናንሽ በሮች ነው። የትኛውም ያለ ቁልፍ አያስተኛም። የጉሙ ጥቅም በደንብ ከተያዘ ጉዳቱ ከአንድ ግቢ አለማለፉ ነው። ሁሉም ሣጥኖች አንድ ዓይነት የፋብሪካ ቃል ካላቸው ግን ያ ጥቅም ይጠፋል፤ ሚራይ ያሳየን ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ከባድ ነው። «ከዌስትጌት በኋላ ስለ ካሜራ ማማረር ቅንጦት ነው» ይላል። በሴፕቴምበር 2013 በዌስትጌት የገበያ ማዕከል 67 ሰዎች ተገድለዋል። የዚህ ከተማ ሰው ያን ቀን አይረሳም፤ እኔም ካሜራዎቹ ይነቀሉ አልልም። ነገር ግን ለጥበቃ የተተከለ ዓይን ለሌባ ካበደረ ጥበቃ መሆኑ ይቀራል። ቤቱ መቼ ባዶ እንደሚሆን ለማወቅ የሚፈልግ ሌባ ከእኛ የበር ካሜራ የተሻለ መረጃ ከየት ያገኛል? ደህንነት ማለት ካሜራ መኖሩ ሳይሆን ካሜራው በማን እንደሚታይ ማወቃችን ነው።

ይህ የማይቻል ሥራ አይደለም። በ2024 ሁላችንም ሳናውቀው አንድ ጊዜ ሠርተነዋል። የቅድመ ክፍያ መብራት ቆጣሪዎች ቶክን ሲቀበሉ የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ጀምሮ ያለፉትን ደቂቃዎች ነው። ለቁጥሩ የተሰጠው ቦታ 16,777,216 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2024 ሞላ። ያልታደሰ ቆጣሪ ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ቶክን አይቀበልም ነበር። ኬንያ ፓወር ለደንበኞቹ ባለ 20 አሃዝ የማደሻ ቁጥሮችን ከተለመደው ቶክን ጋር ላከ፤ እኛም በየቤታችን፣ አንዳንዶቻችን በልጆቻችን እየታገዝን፣ ቁጥሮቹን አስገባን። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሣጥኖች በተራ ሰው ጣት ታደሱ። የተሳካው ሦስት ነገሮች ስለነበሩ ነው፤ ቀኑ ተለይቶ ታውቋል፣ ኃላፊው ታውቋል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ተነግሮታል። የበራችን ሣጥን የጎደላት ይኸው ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ2019 የወጣው የኬንያ የዳታ ጥበቃ ሕግ የሕፃን መረጃ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፈቃድ እንዳይሠራበት ይከለክላል፤ መረጃ ያመለጠበት አካልም ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቅ ያዛል። ይህ ወረቀት ላይ የቀረ ሕግ አይደለም። በሴፕቴምበር 2023 ያው ጽሕፈት ቤት አንድን የናይሮቢ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ፎቶ ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ በማውጣቱ 4,550,000 ሺሊንግ ቀጥቶታል። በአገራችንም በ2024 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ መንገዶች ላይ ካሜራ እየተከለች ባለችበት ጊዜ የወጣ ነውና፣ ወደ አገር ለሚመለሱ ቤተሰቦችም ይጠቅማል።

ስለዚህ ለወላጆች የምለው ይህ ነው። በሚቀጥለው የሕንፃችሁ ስብሰባ ላይ ስለ ውኃና ስለ ጄኔሬተር ከተነጋገራችሁ በኋላ አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ። የሣጥኗ የይለፍ ቃል ከተተከለች ወዲህ ተቀይሯል ወይ? ምስሉን ማየት የሚችሉት እነማን ናቸው፣ ሥራ የለቀቀ ሰው መግቢያስ ተዘግቷል ወይ? ፕሮግራሟን የሚያድሰው ማን ነው፣ በስንት ጊዜ? ምስሉ ከስንት ቀን በኋላ ይጠፋል? ከግቢው ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ነገር አለ ወይ፣ ካለስ ተመስጥሮ ነው ወይ? ለእኔ ከአምስቱ ዋነኛው አራተኛው ነው። ያልተቀመጠ ነገር አይሰረቅም። ስርቆት ወይም ግጭት ካልተፈጠረ የወር ምስል ማከማቸት ለማንም አይበጅም። የበሩ መዝገብም ቢሆን አንዱ የሌላውን እንዳያይ ሆኖ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከአንድ ክፍልፋይ ወረቀት በላይ ወጪ የለውም።

ለብቻ የሚከብድ ከሆነ እድር ምን ሊሆን ነው? ሐዘን ሲደርስ ድንኳንና ወንበር በጋራ እንደምንይዝ ሁሉ፣ የታመነ አንድ ቴክኒሻን በጋራ ቀጥረን የየግቢያችንን ሣጥን በዓመት ሁለት ጊዜ ማስፈተሽ እንችላለን። ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው መዋጮ ትንሽ ነው።

ለትምህርት ቤታችንም አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ የዓመት መጽሐፍ የልጆቻችንን ፎቶና ስም ይዟል፤ ሁላችንም በደስታ ወደ ቤት እንወስደዋለን። መጽሐፍ ግን ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ፎቶ ግን አይመለስም። የትኛው ፎቶ ለመጽሐፍ፣ የትኛው ለውጭ እንደሚሆን፣ የአውቶቡሱን መገኛ ማን ማየት እንደሚችልና የመግቢያው ካሜራ ምስል ስንት ቀን እንደሚቆይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ ገጽ ተጽፎ ቢሰጠን ወላጅ ሁሉ እፎይ ይላል።

ተማሪዎች ሆይ፣ በየቤታችሁ ስለ ኮምፒውተር ከሁሉም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማታ የቤታችሁን ዋይፋይ መሣሪያ ገልብጡና ከሥሩ የተለጠፈውን ቃል ተመልከቱ። እስከ ዛሬ የምትጠቀሙት እሱን ከሆነ፣ ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ ነግራችሁ አብራችሁ ቀይሩት። የሌላ ሰው ሣጥን ክፍት ሆኖ ብታገኙት ግን አትግቡበት፤ ለባለቤቱ ንገሩት። የኬንያ ሕግም ያለ ፈቃድ መግባትን ያስቀጣል። ከሕጉ በፊትም የጎረቤት በር ገርበብ ብሎ ቢታይ ጠርቶ መንገር ያደግንበት ባህል ነው።

በእኔ ሕንፃ ያቺ ብጫ ወረቀት ተነሥታለች። ሦስት ስብሰባና ብዙ ንትርክ ወሰደ። አንድ ጎረቤቴ «ጉም ለመዝገን ነው የምትደክመው» ብሎኝ ነበር። አሁን የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል፤ ምስሉም በ14 ቀን እንዲጠፋ ተደርጓል። ጥበቃው ማንም ሰው ማሳያውን ልይ ቢለው «የኮሚቴው ፈቃድ አምጣ» ይላል፤ እኔንም ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ብሎ መለሰኝ፤ ደስ አለኝ። ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻ ቢጮህ ጥቅም የለውም። የእናንተም ግቢ ጅቡ ሳይመጣ ይጠይቅ።